ሊሊያል ያለበት ሎሽንና ዲዮድራንት፦ አውሮፓ ያገደውን እኛ እንጠቀመው?

አደይ_21

ሰላም ቤተሰብ። እህቴ የምትኖረው ጀርመን ነው። ለእረፍት መጥታ መታጠቢያ ቤት ያለውን እቃ ሁሉ እያነሳች ጀርባውን ማንበብ ጀመረች። የሰውነት ሎሽኔን፣ የባለቤቴን ዲዮድራንትና የፀጉር ኮንዲሽነሬን ለይታ አወጣች። «እነዚህ ውስጥ ሊሊያል አለ። እኛ ጋ ከታገደ ቆየ» አለችኝ። ለምን እንደታገደ ስጠይቃት «መውለድን ይጎዳል ይባላል» አለች። ከዚያ በላይ አታውቅም።

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። እኔና ባለቤቴ ልጅ ለማግኘት እየሞከርን ነው። ሎሽኑን የገዛሁት ቦሌ ካለ ሱቅ ነው። ማሸጊያው ላይ አውሮፓ ውስጥ እንደተመረተ ተጽፏል። ታዲያ እዚያ የታገደ ነገር እዚህ መደርደሪያ ላይ እንዴት ተገኘ? ምን ያህልስ ያሰጋል? የሚያውቅ ሰው ካለ ረጋ ብሎ ያስረዳኝ። ኢንተርኔት ላይ ግማሹ «መርዝ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ወሬ ነው» ይላል።

ሐምራዊ

እህቴ አትጨነቂ። ፈረንጅ የማይከለክለው ነገር የለም። እኛ እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ ሎሽን ስንቀባ ነው ያደግነው። የሽቶ ጠብታ ሰው መካን ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ይልቅ ጭንቀቱ ራሱ ይጎዳሻል።

የመዓዛ_ቀማሚ

ሰላም አደይ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ለመዋቢያና ለጽዳት እቃዎች ጠረን በሚያዘጋጅ ድርጅት፣ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን ነገር በቅርብ ስለማውቀው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ሊሊያል የንግድ ስም ነው። እቃው ላይ የሚጻፈው «ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል» ተብሎ ነው። የአውሮፓ ማስጠንቀቂያዎች ደግሞ «ቢኤምኤችሲኤ» ይሉታል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ብዙ ሰው እቤቱ አስቀምጦት የማያውቀው በስሙ ብዛት ነው።

ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የምትባል ትንሽ ነጭ አበባ አለች። ጠረኗ በጣም ይወደዳል። ግን እንደ ጽጌረዳ ዘይቷን አትሰጥም። ሽቶ ቀማሚ ያንን ጠረን ከፈለገ በላብራቶሪ ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለውም። ሊሊያል የተሠራው ለዚህ ነው። አሁን ታጥቦ የደረቀ ልብስ የሚሸተውን ንጹሕ ሽታ ይሰጣል። ለአሥርት ዓመታት ከሻምፖ እስከ ዲዮድራንት፣ ከሎሽን እስከ ልብስ ማለስለሻ ያልገባበት አልነበረም።

እህትሽ ትክክል ናት። የአውሮፓ ኅብረት ከማርች 1 ቀን 2022 ጀምሮ በመዋቢያ እቃዎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ አግዶታል። ምክንያቱ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የወንድ አይጦችን ቆለጥ መጉዳቱ ነው። በዚህ መነሻ የመውለድ ችሎታን ይጎዳል ተብሎ በሕግ «1ቢ» የሚባለው ምድብ ውስጥ ገባ። ይህ ምድብ «በሰው ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ይገመታል» ለሚባሉ ነገሮች ነው። በሰው ላይ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ልዩነቱን ልብ በይ፤ ኢንተርኔት ላይ ሁለቱ ጎራዎች የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሕጉ የሚገዛው በአውሮፓ ገበያ የሚሸጠውን ነው። እገዳው የጀመረ ቀን መደርደሪያ ላይ የነበረውም ጭምር መነሳት ነበረበት። «ያለው እስኪያልቅ ይሸጥ» የሚል የእፎይታ ጊዜ አልተሰጠም። ከዚያ በፊት የተመረተው ክምችት ግን አልጠፋም። ሕጉ ወደማይደርስበት ገበያ ሄዶ በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። በሌሎች አገሮችም ዛሬም ድረስ በሕጋዊ መንገድ ከሊሊያል ጋር የሚመረት እቃ አለ። ሎሽንሽ ላይ የምርት ቀን ካለ እይው። ከ2022 በፊት ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

ነገር_አጣሪ

የመዓዛ ቀማሚ፣ ስላብራራህ እናመሰግናለን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አይጦቹ እኮ ሎሽን አልተቀቡም። በአፋቸው ነው የተሰጣቸው፣ ያውም በብዙ መጠን። እኔ ያነበብኩት ደግሞ የአይጥ ጉበትና የሰው ጉበት ይህን ኬሚካል እኩል አያስተናግዱትም ይላል። ታዲያ ሳይንሱ እንዲህ አከራካሪ ከሆነ ሰውን ማስደንገጥ ተገቢ ነው? እኔም ባለትዳር ነኝ፣ ለክርክር ብዬ አይደለም የምጠይቀው። እውነቱን ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

የመዓዛ_ቀማሚ

ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አምራቾቹም ያቀረቡት ይህንኑ መከራከሪያ ነው። ሊሊያል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ተሰባብሮ ተርት-ቡቲልቤንዞይክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ይሄኛው ነው ተብሎ ይታሰባል። በአይጥ የጉበት ሕዋስ ውስጥ የሚጠራቀመውን ያህል በሰው ሕዋስ ውስጥ አይጠራቀምም የሚል መረጃ ቀርቧል። የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ ኮሚቴ ይህንን አይቶ ነው «ከምድቡ ለማውጣት አይበቃም» ያለው።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላው ሰነድ ነው። የኅብረቱ የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2019 የመጨረሻ አስተያየቱን ሰጠ። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ እቃ ለብቻው ሲታይ፣ በቀረበው መጠን፣ አያሰጋም ሊባል ይችላል። እቃዎቹ ተደምረው ሲታዩ ግን አያሰጋም ማለት አይቻልም።

አሠራሩን ልንገርህ። በእንስሳት ላይ ምንም ጉዳት ያላሳየው መጠን ይወሰድና ሰው በቀን ከሚደርሰው መጠን ጋር ይነጻጸራል። በመካከላቸው ቢያንስ የመቶ እጥፍ ርቀት እንዲኖር ይፈለጋል። ሰው ከአይጥ ሊለይ ስለሚችል፣ ሰውና ሰውም ስለሚለያይ ነው። ሎሽኑን ብቻ ስታሰላ ርቀቱ ይበቃል። ዲዮድራንቱን ብቻ ስታሰላም ይበቃል። ጠዋት በሻምፖ ታጥበህ፣ ኮንዲሽነር ተቀብተህ፣ ሎሽን ጨምረህ፣ ዲዮድራንት አድርገህ፣ ሽቶ ነፍተህ ስትወጣ ግን ርቀቱ ይጠባል። ኮሚቴው ያሰላው መዋቢያ እቃዎቹን ብቻ ነው። የልብስ ማጠቢያውና የቤት ጠረኑ ስሌቱ ውስጥ የሉም።

ከአደይ መታጠቢያ ቤት ሦስት እቃ ነው የወጣው። ሦስቱም በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ሰውነት ላይ የሚውሉ ናቸው። ሐምራዊ «የሽቶ ጠብታ» ብላለች። አንድ ጠብታ ቢሆን እኔም አልጽፍም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ኬሚካል ሕይወት አያድንም። ምግብ አያቆይም፣ ጀርም አይገድልም። ሥራው መሽተት ብቻ ነው። የሚተኩት ሌሎች ጠረኖች አሉ፤ ብዙ አምራቾች ከእገዳው ቀን በፊት ቀመራቸውን ቀይረዋል። የሚያሰጋ ጥርጣሬ ባለበት፣ ጥቅሙም ሽታ ብቻ በሆነበት ጉዳይ ላይ ሸማቹ ለምን ይሸከመው? እኔ የምቆመው እዚህ ጋ ነው።

የሐዋሳዋ_ፋርማሲስት

ክሩን ስከታተል ቆየሁ። ከመውለዱ ጉዳይ ሌላ ጎን አለው። ሊሊያል በቆዳ ላይ አለርጂ ከሚያስነሱት ጠረኖች አንዱ ነው። በየቀኑ የማየው ይህን መሰሉን ነው። ሰው ብብቱ ያሳክከዋል፣ ይቀላል፣ ቆይቶ ይጠቁራል። «ሙቀት ነው» ይልና ሽታው እንዳይወጣ ዲዮድራንቱን ይጨምርበታል። ከዚያ ባሰብኝ ብሎ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሊገዛ ይመጣል። መንስኤው ግን እጁ ላይ አለ።

የሽቶ አለርጂ አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ቆዳው ያንን ነገር አንዴ ከለየው በኋላ ትንሽ ሲነካውም ይቆጣል። ስለዚህ የሚያሳክካችሁን እቃ «ቆዳዬ ይለምደዋል» እያላችሁ አትቀጥሉ። ቆዳ አለርጂን አይለምድም። አቁሙና የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱ እቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ብዙ ምርመራ ያሳጥርለታል።

ለአደይ አንድ መልካም ዜና አለኝ። አብዛኞቹ የሽቶ ንጥረ ነገሮች «ፓርፉም» በምትል አንዲት ቃል ስር ተደብቀው ነው የሚሸጡት። ሊሊያል ግን በአውሮፓ ከ2005 ጀምሮ በስሙ እንዲጻፍ ከተገደዱት 26 የአለርጂ ጠረኖች አንዱ ነበር። ቆዳ ላይ በሚቀር እቃ ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠብ እቃ ከ0.01 በመቶ ካለፈ መጻፍ ነበረበት። እህትሽ አንብባ ያገኘችውም በዚህ ምክንያት ነው።

አባወራ_ከአዳማ

ዝርዝሩ ላይ የት አካባቢ ነው የሚገኘው? የኔ ዲዮድራንት ላይ ጽሑፉ ከጉንዳን ያነሰ ነው። መነጽር አድርጌም አልቻልኩም።

የሐዋሳዋ_ፋርማሲስት

በስልክህ ፎቶ አንሳውና አሳድገህ እየው። ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ላይ አንብብ። «ፓርፉም» የምትለውን ቃል ፈልግ። ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ጄራኒዮል፣ ሲትሮኔሎል የሚሉት ስሞች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሰፈር ናቸው። ሊሊያልም ካለ ከነሱ ጋር ነው። በላቲን ፊደል በ«ቢ» የሚጀምር፣ ሁለት ረጃጅም ቃል ነው።

ቨርጂኒያ_ነዋሪ

አሜሪካ ላላችሁ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እዚህ ሊሊያል በፌዴራል ደረጃ አልታገደም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ላይጻፍም መቻሉ ነው። አምራቹ «ፍራግራንስ» ብሎ ማለፍ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ስሙ የለም ማለት እቃው ውስጥ የለም ማለት አይደለም። በ2022 መጨረሻ የወጣው የመዋቢያ እቃዎች ሕግ የአለርጂ ጠረኖች በስማቸው እንዲጻፉ ደንብ እንዲወጣ ያዛል።

ወደ አገር ቤት ሻንጣ ስንሞላ የምናስበው «የአሜሪካ እቃ ነው፣ ይታመናል» ብለን ነው። እናቶቻችንም በዚሁ እምነት ይቀቡታል። እኔ አሁን የምልከው ሽቶ አልባ የሆነውን ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ «አንሴንትድ» የሚል እቃ ሽታውን ለማጥፋት ሌላ ጠረን ሊጨመርበት ይችላል። «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚለውን ፈልጉ።

ሰሜን_ለንደን

ለእንግሊዝ ነዋሪዎች፦ ብሪታንያ ከኅብረቱ ስለወጣች ቀኑ ይለያል። እዚህ ሽያጩ የተከለከለው ከዲሴምበር 15 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የገዛችሁትና ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ሽቶ ግን ማንም መጥቶ አይወስድባችሁም። ሽቶ ዓመታት ይቆያል። እዚያው የተቀመጠውን አንብቡት።

ዝባድ

እኔ የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ኬሚካል ምን አመጣው ነው። አያቶቻችን በእጣን፣ በጠጅ ሳር፣ በቅርንፉድና በቀረፋ ነበር የሚያሸቱት። እኛ ራሳችን እኮ ለዓለም ሽቶ የምንልክ ሕዝብ ነበርን። የጥርኝ ዝባድ በቀንድ እየታሸገ ፈረንሳይ ድረስ ይሄድ ነበር። ወደ ተፈጥሮ ብንመለስ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።

የመዓዛ_ቀማሚ

ዝባድ፣ የጠቀስካቸውን አንድ በአንድ እንያቸው። ጠጅ ሳር መልካም ሽታውን የሚያገኘው ከሲትራል ነው። ቅርንፉድ ከኦይጄኖል፣ ቀረፋ ከሲናማል። ሦስቱም ፋርማሲስቷ ከጠቀሰቻቸው 26 የአለርጂ ጠረኖች ውስጥ ናቸው። ከብርቱካን ልጣጭ የሚገኘው ሊሞኒንና ከላቬንደር የሚገኘው ሊናሎልም እንዲሁ። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከአየር ጋር እየተዋሃዱ ይለወጣሉ። ቆዳን ይበልጥ የሚያስቆጣው የተለወጠው ነው። የቆየ የብርቱካን ዘይት ከአዲሱ ይከፋል።

ዛፍ ላይ ከሚበቅል፣ የዛፍ ሽበት ከሚባለው (ላይከን) የሚገኝ፣ ኦክሞስ የሚባል የድሮ የሽቶ ቅመም አለ። ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው። ውስጡ ያለው አትራኖል የሚባል ንጥረ ነገር ግን ኃይለኛ አለርጂ ስለሚያስነሳ አውሮፓ አትራኖልን አግዷል። ያገደው ላይራል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጠረን ጋር በአንድ ደንብ ነው። ሁለቱም ከኦገስት 2021 በኋላ በአውሮፓ መደርደሪያ ላይ መገኘት የለባቸውም።

ቅርንፉድ ሻይ ውስጥ አትክተቱ እያልኩ አይደለም። ቆዳ ላይ በየቀኑ የሚውል ነገር ከተክልም ይምጣ ከላብራቶሪ ጥያቄው አንድ ነው፦ ምን አለበት፣ ምን ያህል፣ የትስ ይቀባል?

ዝባድ

ይህን አላውቅም ነበር። ግን እጣኑን ለቀቅ አድርጉልኝ።

የሐዋሳዋ_ፋርማሲስት

እጣኑ ይጨስ፣ መስኮት ይከፈት። ጭስ ጭስ ነው፣ በተለይ አስም ላለበት ሰውና ለሕፃን። ከዚህ ክር ስለሚወጣ በሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።

ነገር_አጣሪ

ወደ አደይ ጥያቄ ልመለስ። ባለቤቷ ዲዮድራንቱን ካቆመ ለውጥ ይኖራል? ወንዶችን የሚመለከት ስለሆነ በግልጽ ይነገር። በኛ አገር ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው።

የሐዋሳዋ_ፋርማሲስት

ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። ሊሊያልን ያቆመ ወንድ ዘሩ እንደሚሻሻል ያሳየ ነገር አላየሁም፣ ስለዚህ ቃል አልገባም። ዲዮድራንት ለውጦ ብቻ ተስፋ ማድረግ ጊዜ ይበላል። ጊዜ ደግሞ ውድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወቱ ውስጥ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። የወንዱ ድርሻ ትልቅ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። መርፌ የለውም፣ ቀዶ ጥገና የለውም። ሆኖም ሴቷ ሁሉንም ምርመራ ጨርሳ ባልየው አንድም ቀን ያልታየባቸው ቤቶች አሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ዓመት ሙሉ ሞክራችሁ ካልተሳካ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። አደይ ዕድሜሽ 35 ካለፈ ዓመት አትጠብቂ። ባለቤትሽ የሚያጨስ ከሆነ ከዲዮድራንቱ በፊት ሲጋራውን ይተው። የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪወጣ ወደ ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የተጀመረ ጥሩ ልማድ ውጤቱ የሚታየው ቆይቶ ነው፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ።

አደይ_21

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዓመት አልሞላንም። ባለቤቴ ይህን ክር አንብቦ «እኔም እመረመራለሁ» ብሏል። ስለዚህ ብቻ እንኳ መጠየቄ ጥሩ ነበር።

ሎሽኑን አየሁት። የምርት ቀኑ 2021 ነው። የልብስ ማጠቢያውስ? ፈሳሹን ኦሞና ማለስለሻውን ነው የምለው። እነሱ ላይ ዝርዝሩ ሙሉ አይደለም።

የመዓዛ_ቀማሚ

2021 ከሆነ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው።

የጽዳት እቃዎች በሌላ ሕግ ነው የሚዳኙት። የመዋቢያው እገዳ አይመለከታቸውም። በአውሮፓ ለሸማች የሚሸጥ ማጠቢያ ውስጥ 0.3 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አይችልም፤ ከዚያ በታች ግን ሊኖር ይችላል። ሽታው ከታጠበ በኋላ ለሳምንት የሚቆይ ማለስለሻ ካለሽ፣ ጨርቁ ላይ የሚቀር ጠረን አለ ማለት ነው። የውስጥ ልብስና የሕፃን ጨርቅ ያለ ማለስለሻ እጠቢ። ደህና አድርገሽ አለቅልቂው። እኔ ቤቴ የማደርገው ይህን ነው።

ሐምራዊ

እሺ ተረድቻለሁ። እኔም አንድ ጠርሙስ ገና ያልተጋመሰ ሎሽን አገኘሁ። ስሙ አለበት። መጣል ከበደኝ፣ ዋጋው ቀላል አልነበረም። ለሠራተኛዬ ልስጣት?

የሐዋሳዋ_ፋርማሲስት

ሐምራዊ እህቴ፣ በፍጹም። ለራስሽ የፈራሽውን ለእሷ አትስጪ። ወጣት ናት፣ ነገ ትወልዳለች። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ በረኪናውን፣ ሳሙናውን፣ የወለል ማጽጃውን ሁሉ በእጇ የምትነካው እሷ ናት። ስለድምሩ ስናወራ በድምሩ ከማንም በላይ የምትጋለጠው እሷ ነች። ጓንት ግዥላት። ሎሽኑን ጣይው። ቱቦ ውስጥ አትድፊው፤ ከነጠርሙሱ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ።

ቨርጂኒያ_ነዋሪ

ይህንን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ። ከውጭ የምንልክ ሰዎችም «እኔ አልጠቀመውም፣ ለአገር ቤት ይሁን» የምንለውን ነገር እንተው።

ጋሽ_ሸማ_ተራ

ልጆቼ ሰላም ዋሉ። እኔ መርካቶ ኮስሞቲክስ በጅምላ የማከፋፍል ሰው ነኝ። ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። የምትሉትን በጥሞና አነበብኩ። ከነጋዴው በኩል ያለውንም ስሙ።

እኛ እቃውን ከዱባይ ነው የምናመጣው። አቅራቢው «ቅናሽ አለ» ይላል። ኮንቴይነር ሙሉ የታወቀ ስም፣ ቀኑ ያላለፈ እቃ በግማሽ ዋጋ ይመጣል። ነጋዴ ምን ይላል? ይገዛል። የአገልግሎት ጊዜው እስካላለፈ ድረስ ደህና ነው ብለን ነው የምናምነው። ቅናሹ ለምን እንደመጣ የሚነግረን የለም። አንድ ጊዜ ከአንድ አቅራቢ የገዛሁትን እቃ ቀዳዳ ፈልጌ ልመልስ ብል ስልኩን አላነሳም። ኪሳራው እዚህ ይቀራል። እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ። ቤቴ ያለው እቃ ከሱቄ የወጣ ነው። ጎጂ ከሆነ አልሸጥም። ግን ያን የመሰለ የእንግሊዝኛ ስም እኔ እንዴት ነው የማውቀው?

የመዓዛ_ቀማሚ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን ከልብ አመሰግናለሁ። እርስዎ ባይጽፉ ይህ ክር የሸማች ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ብቻዎን አይደሉም። አውሮፓ ራሷ ገና አላጸዳችውም። የኅብረቱ የአደገኛ ምርቶች ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በ2024 ብቻ 4,137 ማስጠንቀቂያዎችን አሰራጭቷል። ከነዚያ 36 በመቶው የመዋቢያ እቃዎች ናቸው። ከመዋቢያዎቹ ውስጥ ደግሞ 97 በመቶው የተያዙት በዚሁ በሊሊያል ነው። ከእገዳው ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ተቆጣጣሪ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እርስዎ መርካቶ ላይ ቢያልፍዎት አይፈረድብዎትም።

ከአሁን በኋላ ግን መጠየቅ ይችላሉ። ከመክፈልዎ በፊት አቅራቢው የእያንዳንዱን እቃ ጀርባ ፎቶ በዋትስአፕ ይላክልዎት፤ ዝርዝሩና የምርት መለያ ቁጥሩ ጥርት ብሎ የሚታይበት። ልጅዎ በስልኩ አሳድጎ ያንብብ። በመዋቢያ ላይ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ብቻውን አይበቃም፤ የተመረተበትን ዓመት ይጠይቁ። አውሮፓ ውስጥ የተመረተ ሆኖ ከማርች 2022 በፊት ከሆነ ቅናሹ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል። አገር ውስጥም መዋቢያ እቃን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ፣ የሚያጠራጥር እቃ ሲገጥምዎ ለእነሱ ማሳወቅ መብትዎ ነው።

ጋሽ_ሸማ_ተራ

እሺ ልጄ። መጋዘን ያለውን ነገ ከልጄ ጋር እናያለን። ዲዮድራንቱ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ አንዳንዱ ካርቶን ላይ ዝርዝሩ ራሱ በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። በዓረብኛ የተጻፈ ይለጠፍበታል። እሱስ?

የመዓዛ_ቀማሚ

ተለጣፊው በራሱ ክፉ አይደለም ጋሼ። ብዙ አገር በራሱ ቋንቋ እንዲጻፍ ስለሚያዝ ይለጠፋል። ግን አንዱን ቀስ ብለው ይላጡት። ስር ያለው ዝርዝርና ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ቀኑ ከተለየ፣ ያንን ካርቶን አይግዙ። 

አባወራ_ከአዳማ

ጋሼ፣ ስሙ ያለበትን ስታገኙ ፎቶውን እዚህ ለጥፉልን። የኔ ዲዮድራንት ላይ በፎቶ አሳድጌ አገኘሁት፣ ከሊናሎል ቀጥሎ ነው ያለው። ሚስቴ አራስ ስለሆነች የእሷንም እቃ አሁን እያየሁ ነው።

የሐዋሳዋ_ፋርማሲስት

እንኳን ማርያም ማረቻት! የሕፃኑንም ቅባትና እርጥብ መጥረጊያ ጨምረህ እይ። እናትየው ጡት ላይና አካባቢው ሽቶ ያለበት ነገር አትቀባ። ለሕፃኑ ቆዳ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃዋል።